ይደወልልሻል ያልኳት ልጅ

ጅግጅጋ ውስጥ ባለ አንድ የእርዳታ ድርጅት የሰው ኃይል ባለሙያ ሆኜ የተቀጠርኩት በ2011 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ደሴ አስተማሪ ነበርኩ። የመጀመሪያ ቀኔ ላይ ገና ጠረጴዛዬን ሳላይ አለቃዬ አቶ አብዲ፣ "ዛሬ ዩኒቨርሲቲው የሥራ አውደ ርዕይ አለው። እኛን ወክለህ ትቀመጣለህ" አሉኝ።

አንድ ባነር፣ በራሪ ወረቀትና ባዶ ካርቶን ተሰጠኝ። ካርቶኑ ለሲቪ ማጠራቀሚያ ነው። የነበረን ክፍት የሥራ መደብ ሁለት ብቻ ነበር፤ ሁለቱም ሸደር፣ የስደተኞች ጣቢያ። ተሰልፎ ለቆመ ተማሪ ይህን መናገር ከበደኝ። ስለዚህ ሁሉንም "ሲቪህን ተውልን፣ ይደወልልሃል" እያልኩ ሸኘሁ። ካርቶኑ ከምሳ በፊት ሞላ።

ሆዳን ከተሰለፉት አንዷ ነበረች። የደምበል ወረዳ ልጅ ናት፣ የእንስሳት ጤና ተመራቂ።

"ምን ዓይነት ሥራ ትፈልጊያለሽ?" አልኳት።

"ያገኘሁትን።"

ሲቪዋ "ታታሪ፣ በቡድን መሥራት የምችል" ይላል። ከፊቷ የነበሩትም ቃል በቃል ያንኑ ጽፈዋል።

"ይደወልልሻል።"

"ወላሂ?"

"አዎ።"

በማግስቱ ካርቶኑን መዝገብ ቤት አስገባሁት። ከፍቶ ያየው የለም፤ እኔም ጭምር።

ከወራት በኋላ ቢሮዬ መጣች። ድምጿን ከፍ አላደረገችም።

"እኛ ሰፈር ኔትወርክ የለም" አለችኝ። "ስልካችሁ እንዳያመልጠኝ በየቀኑ ኮረብታ እየወጣሁ እቀመጥ ነበር። አጎቴ ድሬዳዋ የእንስሳት መድኃኒት ቤት ሥራ አግኝቶልኝ ነበር፣ እናንተን እየጠበቅኩ ነው ብዬ እምቢ አልኩት። ከሌላችሁ የለንም በሉኝና ልሂድ።"

አፈርኩ። "የለንም። ያን ቀንም ላንቺ የሚሆን ሥራ አልነበረንም" አልኳት።

ቦርሳዋን አነሳች። ዝም ብዬ ልሸኛት አልቻልኩምና ዩኒቨርሲቲው ለእረፍት ሲዘጋ ምን ትሠራ እንደነበር ጠየቅኳት።

"ከክትባት ቡድን ጋር እዞር ነበር። ሴቶቹን በሶማሊኛ አስረዳለሁ፣ የተከተቡትን ፍየሎች እመዘግባለሁ፣ የመድኃኒቱ ሳጥን እንዳይሞቅ እጠብቃለሁ።"

"ታዲያ ሲቪሽ ላይ የታለ?"

"እሱ ምኑ ይጻፋል? የሰፈሬን ሰው መርዳት እኮ ነው።"

እዚያው ተቀምጠን ሲቪዋን እንደ አዲስ ጻፍነው። አቶ አብዲ በር ላይ ቆመው ምን እንደምሠራ ጠየቁኝ፤ የሆነውን ሳልደብቅ ነገርኳቸው። እሳቸውም፣ "ለሌሎቹም እንዲሁ አድርግላቸዋ" አሉ።

የሚቀጥለው አውደ ርዕይ ሳምንት ሲቀረው ተማሪዎችን ሰበሰብኩ። የሚመጡትን መሥሪያ ቤቶች ዝርዝር ሰጠኋቸውና ሦስት ብቻ ምረጡ፣ ምን እንደሚሠሩም ጠይቃችሁ ኑ አልኳቸው። ከዚያ ጥንድ ጥንድ እየሆኑ ያጠኑትንና የሠሩትን በአንድ ደቂቃ መናገር ተለማመዱ። አንዱ፣ "ጋሼ፣ በአማርኛ ይጠፋብኛል" አለኝ። በሶማሊኛ እንዲጀምር ነገርኩት፤ በሦስተኛው ሙከራ አማርኛውም መጣለት። ሆዳንም ጠርቻት መጥታ ከኋላ ተቀምጣ ትጽፍ ነበር።

በአውደ ርዕዩ ቀን ወደ እኔ አልመጣችም። ሽንሌ ውስጥ ወደሚሠራ የእንስሳት ጤና ፕሮጀክት ጠረጴዛ ሄደች። ከአጠገቤ ስለነበር ሰማኋት።

"ክትባት ስትሰጡ በጣም የሚያስቸግራችሁ ምንድን ነው?" አለችው ሰውየውን።

ሰውየው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። "አርብቶ አደሩ ቦታ ይለቃል፤ ለሁለተኛው ዙር ስንመለስ አናገኘውም።"

"እኛ ቀጥሎ ወደየትኛው የውሃ ጉድጓድ እንደሚሄዱ ሴቶቹን አስቀድመን እንጠይቅ ነበር" አለችው።

ወንበር ሳበላት። ረጅም ሰዓት አወሩ። ልትነሳ ስትል መልሱን መቼ እንደምትሰማ፣ ለሌላ ሰው ቢሰጥም ይነግሯት እንደሆነ ጠየቀችው። ቀኑንና ስልኩን ጻፈላት።

እኔ በዚያ ቀን ጠረጴዛዬ ላይ "ክፍት ቦታ፦ አንድ ሾፌር" የሚል ወረቀት ለጥፌ ነበር። ተማሪዎቹ እያነበቡ አለፉኝ።

ሆዳን በመጀመሪያ ለሦስት ወር ተቀጠረች፣ ከዚያ ቋሚ ሆነች። አሁን ሽንሌ የመስክ አስተባባሪ ናት።

እኔ ጡረታ ልወጣ ጥቂት ወራት ቀርተውኛል፤ ከመሄዴ በፊት ይህን ልበል። ወደ አውደ ርዕይ የሚሄድ ተማሪ መሥሪያ ቤቱ ምን እንደሚሠራ አስቀድሞ ይወቅ። በእጁ የሠራውን ነገር፣ ደመወዝ ባይከፈልበትም፣ ሲቪው ላይ ይጻፍ። አንድ ጥያቄም ይዞ ይሂድ።