የሃምሳ አለቃው ጥድ

መካነ ሰላም በአስተማሪነት ተመድቤ ስሄድ ሃያ ዓመት አልሞላኝም ነበር። ደሴ ተወልጄ ደሴ ያደግሁ ነኝ፤ ከእናቴ ቤት ውጭ ኖሬ አላውቅም። የተከራየኋት ክፍል ጡረታ በወጡ አንድ ሃምሳ አለቃ ግቢ ውስጥ ነበረች። ባለቤታቸው ሞተውባቸዋል፣ ልጅ የላቸውም። በአውራጃው ጽሕፈት ቤት የጦር መሣሪያ መዝገብ እየጻፉ ይኖሩ ነበር። ሰፈርተኛው ሁሉ "ሃምሳ አለቃ" ይላቸዋል፤ እኔም እንደዚያው አልኳቸው።

ከቤታቸው ግድግዳ ሥር፣ የጠዋት ፀሐይ በሚያገኘው የድንጋይ መደብ ላይ፣ አፉ የተሸረፈ ሰፊ የሸክላ ወጪት ተቀምጦ ነበር። ወጪቱ ውስጥ ከክንድ የማትበልጥ ጥድ ቆማለች። ግንዷ አውራ ጣት ያህል ይወፍራል፣ ቅርፊቷ እንደ ትልቅ ጥድ ቅርፊት ተልጧል፣ አንዱ ቅርንጫፏ በቀጭን ሽቦ ታስሮ ወደ ታች ጎንበስ ብሏል። ችግኝ መስላኝ፣

"መቼ ሊተክሏት ነው?" አልኳቸው።

"ተክያት የለም እንዴ" አሉኝ። "አሥራ ሦስት ዓመት ሆናት።"

ሃምሳ አለቃው ኮርያ ዘምተው እግራቸውን ቆስለዋል። ጃፓን ተወስደው ሲታከሙ፣ ከሆስፒታሉ ጓሮ አንድ ሽማግሌ አትክልተኛ እንዲህ ያሉ ትንንሽ ዛፎችን በሸክላ ሳህን ይንከባከብ ነበር። ቋንቋ አይግባቡም። ሃምሳ አለቃው ሁለት ወር ሙሉ ክራንቻቸውን ተደግፈው የሽማግሌውን እጅ ሲመለከቱ ከረሙ። ከብዙ ዓመት በኋላ ወደ ወግዲ በሚወስደው መንገድ፣ ገደል አፋፍ ላይ፣ ፍየል እየቀነጠበ ያቀጨጫትን ይህችን ጥድ አገኙ። ክረምት ጠብቀው ከነአፈሯ ነቅለው አመጧት።

"ያየሁትን ነው የማደርገው፤ ያስተማረኝ ሰው የለም" ይሉ ነበር።

ከዚያ ዝናቡ ቀረ። ከቆላው፣ ከአባይ በኩል፣ ሰው መምጣት ጀመረ። መጀመሪያ አንድ ሁለት ቤተሰብ፣ ኋላ መንደሩ እንዳለ። ትምህርት ተቋርጦ ክፍሎቹ መጠለያ ሆኑ። እኔ የማስተምርበት ክፍል ጥቁር ሰሌዳው ሥር ድረስ ሰው ተኝቶበት ነበር። እኛ መምህራን ለእርዳታ የመጣውን ዱቄት ገንፎ እያስገነፋን እናድል ነበር።

በዚያው ሰሞን አዲስ አበባ ላይ ወታደሩ ተነሥቷል፣ ሹማምንቱ እየታሰሩ ነው ይባላል። ወሬው እኛ ዘንድ የሚደርሰው በጭነት መኪና ሾፌሮች አፍ ነው። አንድ ጠዋት ሁለት ፖሊሶች መጡ። የጽሕፈት ቤታቸው አለቃ ስለታሰሩ እሳቸውም ለምርመራ ደሴ ይፈለጋሉ አሉ። ሃምሳ አለቃው ጋቢያቸውን አጣጥፈው ያዙና ወደ እኔ ዞሩ።

"እሷን አደራ" አሉኝ ጥዷን እያሳዩ። "ውሃ እንዳትረሺ። ግን መጀመሪያ ጣትሽን..."

"ይበቃል፣ መኪናው ይጠብቃል" አለ አንደኛው ፖሊስ።

ጆሮዬ ውስጥ የቀረው "ውሃ እንዳትረሺ" የሚለው ብቻ ነው። ጠዋት አንድ ጣሳ፣ ማታ አንድ ጣሳ አጠጣት ጀመር። ምንጩ ቀጥኖ ሴቶች ከጎህ ጀምረው የሚሰለፉበት ጊዜ ነበር። እንስራዬን ተሸክሜ ስመለስ የሰው ዓይን ጀርባዬን የሚከተለኝ ይመስለኛል። ለሳህን ዛፍ ውሃ ሳፈስ ሰው ቢያየኝ ምን ይለኛል ብዬ፣ ወጪቱን አንሥቼ ክፍሌ ውስጥ፣ ከአልጋዬ ራስጌ አስቀመጥኩት። ከታች እየፈሰሰ ወለሉን ሲያረጥብብኝም በወጪቱ ሥር የነበረችውን ቀዳዳ በጨርቅ ወተፍኳት።

ለአንድ ወር ያህል አረንጓዴ እንደሆነች ቆየች። ደህና ይዣታለሁ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። ከዚያ ጫፎቿ ዝገት መሰሉ፤ ስነካት ቅጠሏ እጄ ላይ ይራገፋል። ውሃ አንሷት ነው ብዬ ጨመርኩላት።

ከመጠለያው አንድ ገበሬ ነበሩ፤ ዕድሜያቸው ወደ ሃምሳው ይጠጋል፤ የመጡት ከታመሙ ሚስታቸው ጋር ነው። ገንፎ ሲቀበሉ ሁልጊዜ "ሥራ ካለሽ ስጪኝ ልጄ፣ እጄ ቦዘነ" ይሉኝ ነበር። የሃምሳ አለቃው አጥር ስለዘመመ እሱን እንዲያቀኑ ይዣቸው መጣሁ። እንጨት ሲተክሉ ሲያስሩ ቆይተው ውሃ ሊጠጡ ወደ ክፍሌ በር ሲጠጉ ከውስጥ ጥዷን አዩ።

"ይህች ምን ሆነች?"

አፈርኩ። "የሰው አደራ ናት። ደረቀችብኝ" አልኩ።

ገበሬው ቁጢጥ ብለው ጣታቸውን አፈሩ ውስጥ ከተቱና አሸተቱት።

"አልደረቀችም፤ ሰጥማለች" አሉኝ። "እስቲ አንቺም አሽቺው።"

የበሰበሰ ነገር ይሸታል። ምን ያህል ውሃ እንዳፈሰስኩባት፣ ለምን እንደደበቅኋት ሁሉንም ነገርኳቸው። ያኔ ነው እንባዬ የመጣው። ውሃ አጥተው አገር ጥለው ለመጡ ሰው ነበር የምነግራቸው። ገበሬው አልተቆጡም።

"ያንቺ ጣሳ እኛን አያድነንም ነበር" አሉ። "ለእሷ ግን በዛ። ነይ፣ ወጪቱን ያዥልኝ።"

ጨርቁን ነቀሉት። ጥዷን ቀስ ብለው አወጡና የጠቆሩትን ሥሮች በቢላዬ ቆረጡ። ከጓሮ ጠጠር የበዛበት አፈር አምጥተው በወንፊት ነፍተው መልሰው ተከሏት። በጥፍራቸው ግንዷን ጫር ሲያደርጉ በአንድ በኩል ቡኒ ነው፣ በሌላው በኩል ከቅርፊቱ ሥር ቀጭን አረንጓዴ ታየ።

"አልሐምዱሊላህ፣ በሕይወት አለች" አሉ። "ጥድ የቤት ነገር አይደለም፤ ደጅ ትደር። እስክልሽ ድረስ ጠብታ እንዳትሰጫት።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየቀኑ ከቀትር በፊት እየመጡ ጣታቸውን አፈሩ ውስጥ ይከታሉ። "ገና ነው" ብለውኝ ይሄዳሉ። በስምንተኛው ቀን ዘግይተው መጡ። እንደ ወትሮው ቁጢጥ አሉ፣ ጣታቸውን ከተቱ፣ ከወትሮው ይልቅ ቆዩ።

"ዛሬ ትንሽ ስጫት" አሉኝ።

ጣሳውን አምጥቼ እያየሁ አጠጣሁ፤ ውሃው ከሥር ሲንጠባጠብ "በቃ" አሉኝና ሄዱ። ከሰዓት መጠለያው ስደርስ ሚስታቸው ሌሊቱን እንዳረፉና ጠዋት እንደተቀበሩ አንዲት ሴት ነገረችኝ። ሄጄ ከገበሬው አጠገብ ተቀመጥኩ።

ክረምቱ በጊዜው ገባ። ለተፈናቀሉት ዘር ሲታደል ገበሬውም ተቀበሉና ወደ ቆላቸው ወረዱ።

ሃምሳ አለቃው የተመለሱት ንጉሡ ከወረዱ በኋላ ነው። ምንም አልተገኘባቸውም፤ ከስተው ነበር። ዕቃቸውን ሳያስቀምጡ ወደ ጥዷ ሄዱ። አንዱ ጎኗ ሞቷል፤ በሌላው ጎኗ አዲስ ቅጠል አውጥታለች። ሁሉንም ምንም ሳልደብቅ ነገርኳቸው።

"ልነግርሽ የነበረው እሱን ነው" አሉ በመጨረሻ። "ጣትሽን አፈሩ ውስጥ ከተሽ፣ ደረቅ ሲል ብቻ ስጫት ልልሽ ነበር።" ከዚያ የሞተውን ቅርንጫፍ ቅርፊት በሰንጢ እየላጡ፣ "ይህ አይቆረጥም፤ ጃፓን ያ ሽማግሌም ነጩን እንጨት እንዳለ ይተወው ነበር" አሉኝ። ቀጥለውም፣ "ያዳኗት ሰውዬ የየት አገር ሰው ናቸው?" ብለው ጠየቁኝ።

ገበሬው የነገሩኝን የቀበሌ ስም አስታወስኩ። ሃምሳ አለቃው በየገበያው ቀን ከቆላ የሚወጣውን ሰው እያስቆሙ ጠየቁ። በሦስተኛው ገበያ ጨው ሊገዛ የመጣ አንድ የገበሬው ጎረቤት ተገኘ። ገበሬው ደህና ናቸው፣ ማሽላቸው አሽቷል አለ። ሃምሳ አለቃው ቤት ገብተው ከኮርያ የመጣውን ከባድ የወታደር ካፖርት ይዘው ወጡና ለገበሬው እንዲያደርስ ለሰውየው ሰጡት።

"ቆላ ለሚኖር ሰው ካፖርት ምን ያደርግለታል?" አልኳቸው።

"ይሽጡታ" አሉ።

በሚቀጥለው ገበያ ያው ሰው መልስ ይዞ መጣ። ገበሬው ብዙ መርቀዋል፤ ካፖርቱን ግን አልሸጡትም። እንጨት አቁመው ማሽላቸው መሐል አልብሰውታል፤ ከዚያ ወዲህ ወፍ ዝር አላለም አለን።

ሃምሳ አለቃው ሲስቁ ብዙ ጊዜ አላየሁም። ያን ቀን ግን መደቡ ላይ ተቀምጠው፣ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ፣ ረጅም ጊዜ ሳቁ።