ክፍል አንድን ያላዩት ቲቸር

ዛሬ ልጆቼ ሙታን ተነስተው ሰው የሚያሳድዱበትን ፊልም በሰፊ ቴሌቪዥን ሲያዩ፣ እኔን የሚናፍቀኝ የቦንጋው ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ወንበር ነው።

ያኔ ቪዲዮ ቤት የተገኘ ተማሪ ሰኞ ጠዋት ሰልፍ ላይ በለበቅ ይገረፋል። ገራፊው ዩኒት ሊደራችን ቲቸር አደሎ ነበሩ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ራሳቸው እየዞሩ ይለቅሙናል።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ግን የጓጓሁለት ፊልም ክፍል ሁለት መጣና አላስችል አለኝ፤ ገባሁ። መስኮቱ በጆንያ ተጋርዷል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው የፊልሙ ድምፅ አይሰማም፤ እንግሊዝኛውን ድሮም ስለማንሰማው ማንም አልከፋውም።

ፊልሙ ውስጥ ዓለም ጠፍታ ጥቂት ሰዎች ብቻ ተርፈዋል። ልክ አንዱ ሙት ከአልጋ ስር ብቅ ሲል መብራት ጠፋ! ቤቱ በጩኸት ተናጋ። አጠገቤ በጋቢ ተጀቡኖ የተቀመጠ ሰውዬ ክንዴ ላይ ተጠመጠመብኝ።

"አይዞህ ወንድሜ፣ ፊልም እኮ ነው" እያልኩ ትከሻውን መታ መታ አደረግኩት።

መብራቱ ሲመጣ ጋቢው ከፊቱ ላይ ተንሸራቷል። ቲቸር አደሎ!

ያ ሁሉ ሙት ከዓይኔ ጠፋና ለበቁ ብቻ ታየኝ። ልሮጥ ስነሳ እጄን ጎትተው አስቀመጡኝና ጆሮዬ ስር፣

"ስማ፣ ክፍል አንድን አይተኸዋል? ይሄን ሰውዬ መጀመሪያ ማነው የነከሰው?" አሉኝ።