ሃርላን ያሰረው ሽቦ

ሃርላን ቮልብሬክት ሰውን በቃሉ አያምንም ነበር። ይህን ስል ክፉ ሰው ነበር ማለቴ አይደለም፤ ሥራው ነው እንዲህ አድርጎ የቀረጸው። ከሰኞ እስከ ዓርብ በአይብ ፋብሪካው በር ላይ ቆሞ ገበሬዎች የሚያመጡትን ወተት ይመረምራል። ውሃ የተቀላቀለበትን ወተት ገና ክዳኑ ሲከፈት ያውቀዋል ይባልለት ነበር። እሑድ ከቀትር በኋላ ደግሞ ከከተማችን ወጣ ብሎ በሚገኘው የሩብ ማይል የመኪና መወዳደሪያ ሜዳ የመኪኖቹ መርማሪ ነው። በዚያ ሜዳ ሠላሳ አንድ ዓመት ሲያገለግል "ሃርላን አዳላብኝ" ያለ ሹፌር አልነበረም፤ "ሃርላን አመነኝ" ያለም የለም።

ያለምክንያት ይጠረጥር ነበር ማለት አይቻልም። የእኛ የዊስኮንሲን ሹፌር በሳምንቱ ቀናት ላሞቹን የሚያልብ፣ በቤተ ክርስቲያን ከፊት ወንበር የሚቀመጥ ጨዋ ሰው ነው፤ እሑድ የመኪናውን ኮፈን ሲዘጋ ግን ሌላ ሰው ይሆናል። አንዱ የመኪናውን የብረት ቱቦ በእርሳስ እንክብሎች ሞልቶ ሚዛን ላይ ይወጣል፤ ሩጫው ሲጀመር ገመድ ስቦ እንክብሎቹን ሜዳው ላይ ያፈስና መኪናውን ያቀላል። ሌላው ከመቀመጫው ሥር በረዶ ደብቆ ይመዘናል፤ የማስጀመሪያው ባንዲራ እስኪወርድ በረዶው ቀልጦ ያልቃል። ሃርላን ሁለቱንም እጅ ከፍንጅ ይዟቸዋል። ቤንዚን ያሸታል፣ ጎማ በጥፍሩ ይፍቃል፣ የሚስቅለትን ሹፌር መኪና ሁለት ጊዜ ይፈትሻል።

ይህ ጠባይ ከሜዳው ውጭም አልለቀቀውም። በየዓመቱ የካቲት ላይ፣ ሐይቁ በረዶ ሆኖ ሜዳው በተዘጋበት ወቅት፣ የቀድሞ ሹፌሮች ከነቤተሰባቸው በማኅበራቸው አዳራሽ ይሰበሰባሉ። ቋሊማ ይጠበሳል፣ ካርታ ይጫወታሉ፣ በመጨረሻም አሸናፊው ሥጋ የሚሸለምበት የሥጋ ዕጣ ይወጣል። ሃርላን የዕጣ ወረቀቱ የሚገባበትን ባልዲ ገልብጦ ውስጡን ሳያይ ዕጣው አይጀመርም።

"ሃርላን፣ ባለፈው እሑድ ፓስተሩ ሲባርኩህ መዳፋቸውን ገልብጠህ አየኸው አሉ። እውነት ነው?" ብሎ ኤልሮይ ክሚየች በሕዝብ ፊት ያሾፍበታል። ኤልሮይ የማኅበሩ ሊቀ መንበር፣ በዘመኑም የታወቀ ሹፌር ነበር።

"ቸኩለው ነበር" ይላል ሃርላን ሳይስቅ። "የሚቸኩል ሰው የሚደብቀው ነገር አለው።"

ይህን አባባል ሁላችንም በቃላችን ይዘነው ነበር።

በአዳራሹ ግድግዳ ላይ የየዓመቱ አሸናፊዎች ስም የተጻፈበት የእንጨት ሰሌዳ አለ። በ1971 ትይዩ ያለው ቦታ ባዶ ነበር። አዲስ ሰው ባዶነቱን ካየ ይጠይቃል፤ የሚመለስለትም ዝግ ባለ ድምፅ ነበር።

በዚያ ዓመት መስከረም፣ የወቅቱን የመጨረሻ ሩጫ መርል ቶልፍሰን አንደኛ፣ ኤልሮይ ሁለተኛ ሆነው ጨረሱ። የዓመቱ አሸናፊነት ከሁለቱ ለአንዱ የሚሰጥ ነበር። መርል በመኖ ወፍጮ ቤት የጭነት መኪና የሚነዳ ዝምተኛ ሰው ነው። እንደ ልማዱ ሃርላን የአሸናፊውን ሞተር አስፈታ፤ ቴስታታውን፣ ማለትም የሞተሩን የላይ ክዳን፣ አስነሥቶ የሲሊንደሮቹን ስፋት ለካ። ደንቡ ስፋቱ ከአራት ኢንች ከሠላሳ የኢንች ሺኛ እንዳያልፍ ይላል። መለኪያው ሠላሳ ሁለት አነበበ። ትርፉ ከፀጉር የቀጠነ ነው፤ ቢሆንም ትርፍ ነው።

"ሃርላን፣ ይህን ሞተር በገዛ እጄ ለክቼዋለሁ" አለው መርል። "ቃሌ አይበቃህም?"

"ቃል ሲሊንደር ውስጥ አይገባም።"

ውሳኔውን የሚቃወም ሹፌር ሞተሩ ይታሸግለታል። ቴስታታው ተመልሶ ይታሰርና ራሳቸው በተበሳ ሁለት ቡሎኖች መካከል ሽቦ ይገባል፤ መርማሪውም የሽቦውን ጫፍ በለስላሳ የእርሳስ ብረት ይዞ፣ የስሙ ፊደል በተቀረጸበት በራሱ ፒንሳ ጨምቆ ያትመዋል። ያንን ሽቦ ካሰረው ሰው በቀር ማንም አይቆርጠውም። ሹፌሩ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሞተሩን ለኮሚቴው ያቀርባል፤ እንደገና ይለካል። መርል ሞተሩን አሳሽጎ ወደ ቤቱ ጫነ፤ በቀጠሮው ቀን ግን አልመጣም።

"ንጹሕ ቢሆን ኖሮ ይመጣ ነበር" ተባለ። ይህ ቃል እንደ ሰደድ እሳት ተዛመተ። ኤልሮይ "ሜዳ ላይ ያልቀደምኩትን ሰው በመለኪያ አልቀድመውም" ብሎ ማዕረጉን አልቀበልም ቢልም የመርልን ስም አላዳነውም። በሌሎች ሜዳዎች መኪናው ከሁሉ በፊት ይፈተሽ ጀመር፤ በሁለተኛው ዓመት መወዳደሩን ተወ። ከዚያም የከፋው፣ ለሃያ ዓመት መኖ ያመጣላቸው ገበሬዎች እሱ ያራገፈውን ጆንያ ዞር ሲልላቸው ሚዛን ላይ ያወጡት ነበር። መርል ይህን ያውቅ ነበር፤ ሴት ልጁ ሎርናም የጭነት መኪናው ጋቢና ውስጥ ተቀምጣ አይታለች።

ከሃያ ሰባት ዓመት በኋላ መርል በጥቅምት ሞተ። በተከታዩ የካቲት፣ ገና ቋሊማው ሳይጠበስ፣ ሎርና ፒክአፗን ከአዳራሹ በር አስጠግታ በሸራ የተሸፈነ ነገር እንድናወርድላት ጠየቀች። አራት ሆነን በጋሪ አስገባነው። ሸራውን ገለጠችው። ሞተሩ ነበር፤ የዛገው ሽቦ ከነእርሳሱ እንዳለ ነው።

ሃርላን ያን ጊዜ ሰባ አራት ዓመቱ ነበር። ካርታውን ፊቱን ወደ ታች አስቀምጦ ተነሣና ሞተሩን ሁለት ጊዜ ዞረው።

"ለምን አሁን?" አላት። "አባትሽ ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ እግር ነበረው።"

"'በሕይወት እያለሁ የሃርላንን ደጅ አልጠናም' ይል ነበር። እኔ ግን ደጅ መጥናት አያሳፍረኝም፣ አቶ ቮልብሬክት። ይለኩት። ከበለጠ ጭኜው እሄዳለሁ፤ ስሙንም ዳግመኛ እዚህ አላነሣም። ካልበለጠ ግን እዚያ ሰሌዳ ላይ ይጻፍልኝ።"

"ሽቦ በየሱቁ ይሸጣል፣ ልጄ። እርሳስም በሻይ ማንኪያ ይቀልጣል።"

ከኋላ የተስማሙ ድምፆች ተሰሙ። ሰውዬው ከሞተ በኋላ መምጣቷ ለብዙዎቻችን አልጣመንም፤ እኔንም ጨምሮ።

ሃርላን ፒንሳውን ከቤቱ ሊያመጣ ካፖርቱን ለበሰ። ኤልሮይ ሰው ልላክልህ ቢለው "ፒንሳዬን ለሰው አልሰጥም" ብሎ ራሱ ሄደ። ሲመለስ ፒንሳውን፣ አጉሊ መነጽርና የዚያን ዓመት ማስታወሻ ደብተሩን ይዞ ነበር። የፒንሳው መንጋጋ ላይ የተቀረጸው የስሙ ፊደል አንድ ጥግ ተሰብሯል፤ ከራሱ በቀር ይህን የሚያውቅ አልነበረም። በመነጽሩ እርሳሱን ለረጅም ጊዜ አየው። የስብራቱ አሻራ እርሳሱ ላይ ነበር።

"የኔ ነው" አለ፤ ሳይወድ።

"እንኳን ደስ ያለህ! ልጅህን አወቅኸው" አለ ኤልሮይ።

ሃርላን ሽቦውን ቆረጠ። ቴስታታው ሲነሣ ሁሉም አንገቱን አሰገገ። መለኪያውን ይወስዳል ብለን ስንጠብቅ መዳፉን ብረቱ ላይ አሳረፈና ራሱን ነቀነቀ።

"ይህ ሞተር ካልሞቀ ጋራዥ ነው የመጣው። ብረት ሲበርድ ይኮማተራል፤ አሁን ብንለካው ልኬቱ ለአንቺ ያዳላል። የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ ሦስት ሰዓት ይቆይ።"

"ሦስት ሰዓት!" አለ ኤልሮይ። "እስከዚያ ቋሊማው ቀርቶ ጠባሹ ያልቃል!"

ሃርላን ወንበር ጎትቶ ከሞተሩ አጠገብ ተቀመጠ። ማንም እንዳይቀርብ ነው። ሎርናም ሌላ ወንበር አመጣችና በወዲያኛው ጎን ተቀመጠች።

"አንቺ ደግሞ ምን ትጠብቂያለሽ?"

"እርስዎን" አለችው።

ሁለቱም ሳህናቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ሞተሩን መካከል አስገብተው በሉ። እኔ በቅርባቸው ካለው ጠረጴዛ ካርታ ይዤ ነበር፤ ጨዋታውን ግን አልተከታተልኩትም። አንድ ሰዓት አለፈ። ከዚያ ሎርና ሹካዋን አስቀመጠች።

"ሲበርድ ይኮማተራል አሉ።"

"አዎ።"

"ሲሞቅስ?"

"ይሰፋል። ማንም የሚያውቀው ነገር ነው።"

"ከሩጫ የወጣ ሞተር በስንት ይሰፋል?"

ሃርላን ሞተሩን አየ። "በዚህ ስፋት ላይ… ሦስት ሺኛ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ሁልጊዜ ሁለት ሰዓት አቀዘቅዛለሁ። የራሴ ደንብ ነው።"

"ያን ቀንስ አቀዘቀዙት?"

"ሁልጊዜ አልኩሽ።"

"የጠየቅሁት ያን ቀን ነው፣ አቶ ቮልብሬክት።"

ደብተሩ ጭኑ ላይ ነበር። ገጾቹን በአውራ ጣቱ ገለጠና አንዱ ላይ ቆመ። እዚያ ገጽ ላይ የቆየበትን ጊዜ እኔ አልለካሁትም፤ ኤልሮይ ግን ካርታ መስጠቱን ትቶ ነበር። ደብተሩን ቢዘጋው ማንም አያስከፍተውም። የእጅ ጽሑፉን ከእሱ በቀር ያየ የለም፤ ያን ቀን ስለሆነው ከሃያ ሰባት ዓመት በኋላ የሚመሰክር አልነበረም።

ደብተሩን አልዘጋውም። ክፍት እንዳለ አጠፈውና በጉልበቱ ላይ በመዳፉ ጫነው።

ሦስት ሰዓቱ ሲሞላ መለኪያውን አንሥቶ ወደ መጀመሪያው ሲሊንደር አስገባ። ከዚያ አውጥቶ ለሎርና ዘረጋላት።

"ቃሌን አትመኚ። አንቺው አንብቢ።"

"ሃያ ዘጠኝ" አለች።

ሌሎቹንም ሲሊንደሮች እንዲሁ ለካ፤ እሷ አነበበች። ሃያ ዘጠኝ። ሃያ ስምንት ተኩል። ሃያ ዘጠኝ። አንዱም ሠላሳ አልደረሰም። አንድ የቀድሞ ሹፌር ከኋላ "ሽቦው…" ብሎ ሊጀምር ሲል ሃርላን ዞረና "ሽቦው የኔ ነው" አለው።

ከዚያ ሃርላን ደብተሩን አንሥቶ፣ ቆሞ፣ ለአዳራሹ ሁሉ በሚሰማ ድምፅ አነበበ። "የመጨረሻው ሩጫ። ቶልፍሰን አንደኛ። ከሩጫው ማብቂያ እስከ ልኬት ሃያ አምስት ደቂቃ። በኅዳጉ ላይ፤ ዝናብ እየመጣ ነው።" ደብተሩን አወረደ። "ዝናብ ሳይመታኝ ወደ ቤቴ ልገባ ቸኩዬ ነበር።"

ያን አባባሉን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ማንም አልደገመውም።

ሎርና ቀና ብላ ሰሌዳውን አየች። "ይጻፍልኝ" አለች።

ነጭ ቀለምና ቀጭን ብሩሽ ከዕቃ ቤት ተገኘ። የጻፈው ኤልሮይ ነው፤ መሰላል ላይ ወጥቶ፣ ምላሱን በከንፈሩ ጥግ አውጥቶ፣ የሃያ ሰባት ዓመቱን ባዶ በመርል ቶልፍሰን ስም ሞላው። ሃርላን ከታች መሰላሉን ይዞ ነበር። "ለዚህ ስም ብዬ ዕድሜዬን ሙሉ ሁለተኛ ሆንኩ፤ ደግሞ ፊደሉ ረጅም ነው" አለ ኤልሮይ ሲወርድ፤ ሎርና ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።

ማምሻው ላይ የሥጋ ዕጣው ተራ ደረሰ። ኤልሮይ እንደ ወትሮው ባልዲውን ይዞ ወደ ሃርላን መጣ። ሃርላን አልተቀበለውም፤ በእጁ ወደ ሎርና አመለከተ።

ሎርና ባልዲውን ተቀብላ ገለበጠችው። ወደ መብራቱ አዙራ ውስጡን አየች፤ ታችኛውንም በጣቷ አንኳኳች። ከዚያም ሳትመልሰው፣ "እጅዎን ያሳዩኝ፣ አቶ ቮልብሬክት" አለችው።

ሃርላን ሁለት መዳፎቹን ዘርግቶ አሳያት።