«ደነዘዘኝ» ያለችው ልብስ ሰፊ

ይህን ጣት እዩት። የግራ እጅ ሌባ ጣት ነው። ጥፍሩ ላይ ያለችው ጥቁር ነጥብ የስፌት መኪና መርፌ በስቶ ያለፈባት ናት። ባለጣቷ አልጮኸችም። ነጩ ጨርቅ ሲቀላ አይታ የጮኸችው ደንበኛዋ ናት።

ሰፈሩ «ሚሊሜትር» ይላታል። ሜትር ሳትዘረጋ፣ በጣቷ ዳብሳ ብቻ ልክ ታውቅ ነበር። ኑሮዋ በሙሉ በዚያ ጣት ላይ ነው።

ጉንፋን ያዛት፤ ተሻላት። በሁለተኛው ሳምንት እግሯን ጀመራት።

«እግሬን ደነዘዘኝ» አለችው ለባሏ።

«ድሮስ መቼ ነቅተሽ ታውቂና፣ የኔ ደንዛዛ!»

የአጠገቧ ባለ ሱቆች ሁሉ ሳቅን። እኔም ስቄያለሁ፤ አልዋሽም።

ጤና ጣቢያ ሄዳ «ሲስተር፣ ደነዘዘኝ» ብትል፣ «ተቀምጠሽ ስለምትውዪ ነው፤ ተንቀሳቀሺ» ተብላ ቫይታሚን ይዛ ተመለሰች። ተንቀሳቀሺ! እግሯ እየከዳት ግድግዳ ይዛ የምትሄደውን ሴት!

በማግስቱ ነው መርፌው የበሳት፤ ድንዛዜው ከእግሯ እጇ ደርሶ ነበር። ከዚያ ወዲያ ከወንበሯ መነሳት አቃታት። እህቷ ደረሰች፤ በዕድሜ ታናሽ፣ በምላስ ታላቅ ናት።

«አንተ!» አለችው ባሏን፤ «መርፌ በስቷት ዝም ስትል ምን መሰለህ?»

«ድካም መስሎኝ...»

«መስሎህን ተወውና አንሳት!»

ሆስፒታል ዶክተሩ ማንም ያልጠየቀውን ጠየቀ፦ «ሰሞኑን ጉንፋን ይዞዎት ነበር?» ቀጥሎም «በአንድ ትንፋሽ እስከ ሃያ ይቁጠሩልኝ» አላት። ስምንት ላይ ትንፋሿ አለቀ።

«ቫይረሱን ያባረረው የሰውነትዎ ዘበኛ ዱላውን አላስቀመጠም» አላት። «ሌባው ከሄደ በኋላ የቤቱን ባለቤት እየደበደበ ነው፤ ነርቭዎን ማለቴ ነው። ወደ ደረትዎ እየወጣ ስለሆነ አሁኑኑ እንጀምራለን።»

መድኃኒቱ በደም ሥሯ ገባ። አሥራ አንድ ቀን መሣሪያ ተነፈሰላት። ተረፈች።

ከሰባት ወር በኋላ የስፌት መኪናዋ ፊት ተቀመጠች፤ እግሯ ተመልሷል፣ የጣቷ ጫፍ ግን አልተመለሰም። ሚሊሜትር ዛሬ አንገቷ ላይ ሜትር ታንጠለጥላለች። አንድ ጨርቅ ሰጥቻት «ምን ይመስላል?» አልኳት። ዳበሰችው።

«ምንም።»

እንባ የለ፣ ቁጣ የለ። ባሏም መቀለድ ትቷል። ቁጣው እኔ ጋ ቀርቷል፤ በራሴም ላይ ጭምር ነው።

እናንተ ግን ይህን አድርጉልኝ። ጉንፋን ይዞት የከረመ ሰው «እግሬን ደነዘዘኝ» ካላችሁ አትሳቁ። «ወደ ላይ እየወጣ ነው ወይ?» ብላችሁ ጠይቁት። አዎ ካለ ነገ አትበሉ፤ ዛሬውኑ፣ ተሸክማችሁም ቢሆን፣ ሆስፒታል አድርሱት።