የፔፒን ዙፋን ማን ይቀበል?

ልጅ ሳለሁ፣ የጫካው ቃጠሎ ጭስ ኦክላንድ ድረስ ወርዶ መስኮት ሁሉ በሚዘጋበት፣ መብራትም በሚቋረጥበት ምሽት፣ የአባቴ ታላቅ ወንድም ጋሼ ይመር ሻማ አብርተው የአንድ ፈርዖን ተረት ይነግሩን ነበር። ያኔ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌር ነበሩ፤ ሳን ሆዜ ወዳለው የግብፅ ሙዚየም ልጆች ሲያደርሱ የሰሙትን ነው የወሎ ቅመም ጨምረው የሚያወጉን። እናቴ «የፊርዓውን ወሬ ለልጅ? አዑዙ ቢላህ!» ስትላቸው፣ «ይኼኛው ሌላ ነው፤ ምስኪን ነው» ይሏታል የደከመ ዓይናቸውን እያሹ።

ንጉሡ ፔፒ ይባላል። የወተት ጥርሱ ሳይነቀል ነው ዙፋን ላይ ያወጡት። ከደቡብ አገር ድንክ ጨፋሪ በመርከብ እየመጣለት መሆኑን ሲሰማ፣ «ውሃ ውስጥ እንዳይወድቅብኝ ቀን ከሌት ጠብቁልኝ!» ብሎ አዘዘ፤ እዚህ ላይ ጋሼ ሁሌም ይስቃሉ። ከዚያ ወዲያ ሳቅ የለም። ፔፒ ነገሠ፣ ነገሠ፣ ነገሠ። ልጆቹን ቀበረ፣ አማካሪዎቹን ቀበረ፣ ገዢዎቹ በየአውራጃቸው ጌታ ሆኑ፤ እሱ ጉልበቱ እየተንቀጠቀጠ እዚያው ዙፋኑ ላይ።

«ታዲያ ለምን ኩዊት አድርጎ አልወረደም?» አልኳቸው አንድ ምሽት።

«ማን ይቀበለው፣ የኔ ልጅ?»

እኔ ግን በልቤ ስግብግብ ነው ብዬ ፈረድኩበት።

ጋሼም አባታቸው ሲሞቱ ገና በልጅነታቸው ነው ቤተሰቡን የተሸከሙት። አባቴን እዚህ ያመጡት እሳቸው፣ የተጣላ የሚያስታርቁት እሳቸው፣ ሰው ሲሞት ጀናዛ የሚያጥቡት እሳቸው፣ ዓርብ ዓርብ ከአላሜዳ እስከ ፍሪሞንት አዛውንቱን ለቅመው ጁምዓ የሚያደርሱትም እሳቸው። አሁን ዓይናቸው ደክሟል። ዘመዱ ሁሉ «ጋሼ፣ መንዳት ይብቃዎት፤ ሰው ይፈጃሉ» ይላል፤ እሳቸው እምቢ ሲሉ «ወይ ግትርነት!» እንላለን። «መሪውን እኔ ልያዝ» ያለ ግን አልነበረም።

ባለፈው ዓርብ ከአዳር ሥራ ወጥቼ፣ እግሬን እየጎተትኩ ቤታቸው ስደርስ፣ መኪናቸውን ከጋራዡ በር ጋር አላትመው መሪውን እንደያዙ ፈዘው አገኘኋቸው። ልቆጣ አፌን ስከፍት ፔፒ ትዝ አለኝ።

«ጋሼ፣ ሽማግሌዎቹን ከዛሬ ጀምሮ እኔ አደርሳለሁ።»

ክርክር ጠብቄ ነበር። ቃሌን ሳልጨርስ ቁልፉን እጄ ላይ አኖሩት። በቀስታ ዞረው ከጎኔ ተቀመጡ፤ ቀበቶውን ሳስርላቸው እንቅልፍ ወስዷቸው ነበር፣ ፍሪሞንት እስክንደርስም አልነቁ። ያን ሁሉ ምሽት ተረት መስሎን ስንሰማ፣ ለካ «ማን ይቀበለኝ?» እያሉ እየጠየቁን ነበር።