የጋሽ ይግዛው የእሁድ ኪኒን

መጀመሪያ ያየሁት የካልሲያቸውን ምልክት ነው። ጋሽ ይግዛው ቢቸና መናኸሪያ ውስጥ፣ በሚኒባሳቸው በር ላይ ቁጭ ብለው ጫማቸውን በሰፊ የፕላስቲክ ሰንደል ሲቀይሩ፣ የካልሲው ላስቲክ ቁርጭምጭሚታቸው ላይ ጥልቅ ቀለበት ሠርቶ ነበር። ከቀለበቱ በላይ እግራቸው አብጧል። ማየቴን ሲያውቁ ሳቁና አውራ ጣታቸውን የእግራቸው አገዳ ላይ ጫን አድርገው አነሱት። የጣታቸው ጉድጓድ እዚያው ቀረ፤ ከዚያ ቀስ እያለ፣ እያመነታ ሞላ።

"ሊጥ ሆኛለሁ" አሉኝ። "ግባ፣ ጋቢና ላንተ ነው።"

ጋሽ ይግዛው ሃምሳን ያለፉ የቢቸና ሰው ናቸው። በልጅነታቸው ዜማ እንዲማሩ ደብረ ወርቅ ቢላኩ፣ ብዙም ሳይቆዩ እህል በጫነ መኪና ላይ ተንጠልጥለው ጠፉ። ከዚያ ወዲህ አንድ ቦታ ረግተው አያውቁም። መኪናው እስኪሞላ ሌሎቹ ሹፌሮች ጥላ ፈልገው ሲያወሩ፣ እሳቸው መኪናቸውን ይዞራሉ፤ ጎማ በእግራቸው ይመታሉ፣ የተወለወለ መስታወት መልሰው ይወለውላሉ። የዚያን ቀን ግን ግማሽ ዙር እንኳ ሳይሞሉ በሩን ተደግፈው ቆሙ።

ረዳታቸው ሚስታቸው ውቢት ናት። "ሞጣ! ሞጣ!" ስትል ድምጿ መናኸሪያውን ይሞላዋል።

"ኪኒኑን ዋጥከው?" አለቻቸው በጥሪዋ መሀል።

"እሁድ።"

"እሁድ ይለኛል! በሽታው ሰንበት ያከብራል አሉህ?"

ነገሩን መንገድ ላይ አጫወቱኝ። ሁለት ዓይነት ኪኒን ታዞላቸዋል፤ አንዱ የደም ግፊት የሚያወርድ፣ አንዱ በሰውነት የተጠራቀመውን ውሃ በሽንት የሚያስወጣ። በየጠዋቱ ዋጥ ተብለዋል። በዋጡበት በመጀመሪያው ቀን ታዲያ መኪናውን ደጋግመው እያቆሙ ወደ ጥሻው ሮጡ። ተሳፋሪው አጉረመረመ፤ አንድ ጎረምሳ ደግሞ ሲመለሱ አጨበጨበላቸው።

"ጭብጨባው ነው የገደለኝ" አሉ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱንም ኪኒን መኪናው ለሚያርፍበት ለእሁድ አዛወሯቸው። በሌላው ቀን ውሃ ስለማይጠጡ ይኸው የሚበቃ መስሏቸዋል።

"ትተኛለህ ወይ በለው" አለችኝ ውቢት ከኋላ። "ጋደም ሲል ይታፈናል። አልጋ ላይ መሪ እንደያዘ ሰው ቁጭ ብሎ ነው የሚያነጋው።"

ይህን ስትሰማ ከኋላችን የተቀመጠችው ሲስተር ፅጌረዳ ተጠጋች። ሞጣ ላይ የግፊትና የልብ ሕሙማንን የምትከታተል ነርስ ናት።

"ጋሽ ይግዛው፣ የደም ሥርዎ ግድግዳ ውስጥ ጡንቻ እንዳለ ያውቃሉ?"

"እኔ ጡንቻ የማውቀው ክንድ ላይ ነው።"

"ይሄኛው ለስላሳ ጡንቻ ይባላል። እርስዎን ሳይጠይቅ ይጠብቃል፣ ሳይጠይቅ ይላላል። ግፊት ሲኖር ግን ጠብቆ ይቀራል። ልብዎ በጠበበው መንገድ ደም ለመግፋት ይታገላል። የልብ ህዋሶች ሥራ ሲበዛባቸው ቁጥራቸው አይጨምርም፤ ያሉት ናቸው የሚወፍሩት። ቆይተው ይለጠጡና ይደክማሉ። ያኔ ውሃው እግር ላይና ሳንባ ውስጥ ይቀራል።"

"ሞተር ነው በይኛ! ሞተር ይወርድና ይታደሳል።"

"ሞተር ጠፍቶ ነው የሚታደሰው። ይሄ እየሠራ ነው የሚጠገነው።"

 እኔ ዝም ማለት አቃተኝ። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ በቪዲዮ ያየሁትን ነገርኳቸው፤ በመስታወት ሳህን ላይ ተነጣጥለው የተቀመጡ የልብ ህዋሶች፣ ልብም ሰውም ሳይኖራቸው፣ ለየብቻ ይመታሉ። ሁለቱ ሲነካኩ ደግሞ ምታቸው አንድ ይሆናል። ማን አዘዛቸው?

"እኔን ነው የሚመስሉት" አሉ ጋሽ ይግዛው። "መቀመጥ አያውቁም።"

ሳቁ። ሳቃቸው ሳል ሆነ፤ ሳሉም አልቆም አለ። ደብረ ወርቅን አልፈን ዳገት ላይ ነበርን። መሪው በእጃቸው ላላ፣ መኪናው ወደ ቦዩ ጠርዝ አዘነበለ። ውቢት ጮኸች። ፍሬን ያዙ፤ ጎማው ጠጠር እየበተነ ቆመ። ግንባራቸውን መሪው ላይ ደፍተው አየር ይስባሉ፤ ደረታቸው ውስጥ የፈላ ውሃ ያለ ይመስል ይንተከተካል።

"ውረድ" አለች ውቢት።

"አሁን ይለቀኛል።"

"አንተን ይልቀቅህ። እነዚህስ?"

ዞረው አዩ። ሕፃን ያቀፈች እናት ዓይኗን ተክላባቸዋለች።

ውቢትን መኪና ያስተማሯት እሳቸው ናቸው፤ መንጃ ፈቃድም አላት። ሰው የጫነ መኪና ግን አስነድተዋት አያውቁም። አሁን በሩን ከፍተው ወረዱ።

"ሴት ልትነዳን ነው?" አለ ባርኔጣ ያደረገ ነጋዴ።

"በእግርህ ትሄዳለህ?" አለችው ወንበሩን ወደ ፊት እየሳበች። ተሳፋሪው ሳቀ። ነጋዴው አልወረደም።

ፅጌረዳ መስኮት አስከፍታ ቀጥ አድርጋ አስቀመጠቻቸው፤ የውሃውን ኪኒን ከኪሳቸው አውጥታ አስዋጠቻቸው። አጠገቤ ሆነው እግራቸው የሌለ ፍሬን ይረግጣል፣ እጃቸው የሌለ ማርሽ ይቀይራል። "ቀስ! ላሟን አየሻት? እሷ እንኳ አይታሻለች!" ውቢት ዓይኗን ከመንገዱ አትነቅልም።

ከዚያ ኪኒኑ ሥራውን ጀመረ። ዓይናቸው ጥሻ ጥሻውን ያያል፣ አቁሚ ማለት ግን አልሆነላቸውም። ነጋዴው ገብቶት ኖሮ "ወራጅ አለ!" ብሎ ጮኸ። "ኑ ጋሼ፣ እኔም ፈልጌያለሁ።" ወንዶቹ ሁሉ ተከትለው ወረዱ። ደግመን ደጋግመን ቆምን፤ ያጨበጨበ የለም።

"ሞቱን አይደለም የምፈራው" አሉኝ በጆሮዬ፣ ትንፋሻቸው ትንሽ ሲመለስ። "ሐኪም ቤት አስተኝተው እንዳያስቀሩኝ ነው። ቁጭ ያለ ሹፌር ምን ይባላል?"



ሞጣ መናኸሪያ ስንገባ ተራ አስከባሪው እየሮጠ መጣ። "ይግዛው! የቢቸና ተራ ያንተ ነው፣ ቶሎ ጫን!"

እጃቸው ወደ ሹፌሩ በር ተዘረጋ። ውቢት መሪው ላይ ሆና አየቻቸው፤ ቁልፉን አልነቀለችም። ፅጌረዳ ወደ ሆስፒታል ልትወስዳቸው ቦርሳዋን ይዛ ትጠብቃለች። እጃቸው በሩ ላይ ቆየ፤ ከዚያ ብረቱን ቸብ ቸብ አድርገው ተውት።

"ጫኚ" አሏት። "ረዳት እዚህ አይጠፋም። ዳገቱን በሁለተኛ ማርሽ ውጪ፣ አትጨክኚባት።"

"ስደርስ እደውላለሁ።"

"መጀመሪያ ድረሺ።"

"ልሸኝዎት?" አልኳቸው።

"አንተ ደግሞ! ሂድ ወደ ጉዳይህ።"

ፅጌረዳ መናኸሪያው ፊት ለፊት ካለው መስጊድ ማዶ የተሰለፉትን ባጃጆች አሳየቻቸው።

"በባጃጅ?" አሉ። "ቢቸና እንዳይሰማ!"

ሄዱ። መንገዱ መሀል ላይ ቆመው ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ፤ ፅጌረዳ ክንዳቸውን ልትይዝ ስትል ነጠቋት። ከዚያ በገበያተኛው መሀል፣ ከእሷ ግማሽ እርምጃ እየቀደሙ፣ ወደ ባጃጆቹ ተራመዱ።