ሁለት ሰው «ገና ነው» ያሉት ጎማ

ልጄ አሥራ አራት ዓመቷ ነው። በምንኖርባት ፀዳ ከተማ ውስጥ ከቤታችን አለፍ ብሎ አዲስ አስፋልት የለበሰ፣ መኪና ያልበዛበት ቁልቁለት አለ፤ እሁድ ጠዋት የሰፈሩ ልጆች በስኬቲንግ ጫማ ይንሸራተቱበታል። ባለፈው ዓመት የካቲት ላይ ጫማዋን ይዛ መጣችና «አባዬ፣ ጎማው ያለቀ ይመስለኛል። እስኪ ጠይቅልኝ» አለችኝ። ጋዜጠኛ ነኝ፤ ቤታችን ውስጥ መጠየቅ የእኔ ሥራ ነው።

መጀመሪያ በአዘዞ መንገድ ዳር ብስክሌት ለሚጠግኑ አዛውንት አሳየሁ። ጎማውን በአውራ ጣታቸው አሽከረከሩት።

«ኩሽኔታው ሸጋ ነው። ይዞራል እኮ! ምነው ተቻኮልክ?»

«አያ፣ ጠርዙስ?»

«ጠርዝ ምን ያደርጋል፣ ከዞረ!»

ሁለተኛው ባጃጅ የሚነዳ ጎረቤቴ ነው። «ክሩ ታየ?» አለኝ።

«ይሄ ክር የለውም።»

«ታዲያ ምን ታየና ይቀየራል? የእኔን ጎማ ብታይ ታለቅሳለህ።» ሳቅን።

ሦስተኛዋ ልጆቹን የምታሠለጥነው ወጣት ናት። ጫማውን አስፋልቱ ላይ አቆመችው፤ ወደ ውስጥ አዘነበለ። «ጋሼ፣ ጠርዙን በጣትዎ ይዳስሱት» አለችኝ። ዳሰስኩት፤ እንደ ቢላ ሾሏል። የቀኙ ወደ ግራ፣ የግራው ወደ ቀኝ ሁለት ጊዜ ተዘዋውሯል፤ ከእንግዲህ ያልተበላ ጎን አልቀረውም አለችኝ። ከተረከዙ በስተኋላ ያለውን የፍሬን ላስቲክም አሳየችኝ። ከመሳሳቱ የተነሣ የያዘው ቡሎን ብቅ ሊል ደርሷል።

«ሁለቱም ይቀየሩ። ይሄ ቁልቁለት ነው።»

ወጣቷ ጎማና ላስቲክ ከአዲስ አበባ እያስመጣች ትሸጣለች። እዚያው ቆሜ ቃሏን ሰረዝኩት፤ ጥቅም አላት አልኩ። ለዜና ቢሆን ኖሮ ጥቅም ያለውንም ሰው ቃል አጣርቼ ነበር የምጥለው። ይህንንማ የገዛ ጣቴ አጣርቶታል። ያም ሆኖ የምፈልገውን መልስ ቀድሜ ስላገኘሁ መጠየቄን አቆምኩ።

ለልጄ «ሁለት ሰው ጠይቄያለሁ፣ ገና ነው። እስከ ፋሲካ ይሄዳል» አልኳት። የጠየቅሁት ሦስት ሰው ነበር።

ከዚያ በሦስተኛው እሁድ ጭድ የጫነች አህያ መንገዱን ስታቋርጥ ልጄ ፍሬን ያዘች። ቡሎኑ አስፋልቱን ሲፍቅ ቆሜ ከነበርኩበት ሰማሁት። ጎማው ወደ ጎን ከዳት፤ የቀኝ እጇ አንጓ ተሰበረ።

እጇ ጀሶ ከገባ በኋላ ጠያቂ መምጣት ጀመረ።

«ምነው የኔ ዓለም፣ ምን ሆንሽ?»

«ቀልቤን ጥዬ ነው። ፍሬን ዘግይቼ ያዝኩ።»

እናቷም «ድሮም ችኩል ናት» ትላለች። እኔ ወንበር አቀርባለሁ፤ ያመጡትን ብርቱካን ተቀብዬ አመሰግናለሁ። ለሦስት ቀን የተሳሳተ ዘገባ በገዛ ቤቴ ሲደጋገም ሰማሁ፤ እርማት ግን አላወጣሁም።

በአራተኛው ቀን ጫማዎቹን በፌስታል አድርጋ ሰጠችኝ። «ለሌላ ልጅ ስጥልኝ። እኔ አልችልበትም።»

ፌስታሉን ይዤ አጠገቧ ተቀመጥኩ። «ትችያለሽ። ፍሬኑን በጊዜው ነው የያዝሽው፤ አይቻለሁ። ላስቲኩ ነው ያለቀው፣ ጎማውም እንደዚያው። አሠልጣኝሽ ይቀየሩ ብላኝ ነበር።»

«መቼ?»

«ከመውደቅሽ በፊት።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ሻጭ ስለሆነች አላመንኳትም።»

ጀሶዋን ጉልበቷ ላይ አስተካክላ አየችኝ። «እኔስ? እኔም አልቋል ብዬህ ነበር። እኔ ምን እሸጣለሁ?»

ይቅርታ አልኳት፤ ቃሉ ለራሴም አነሰኝ።

«እማዬ ለመጣው ሰው ሁሉ ችኩል ናት ስትል ሰምተሃል» አለች። «አንተ ንገራት። አሁኑኑ።»

ተነሣሁ። ባለቤቴ ጓሮ ልብስ እያሰጣች ነበር። ልጄ ተከትላኝ ወጣችና በግራ እጇ በሩን ይዛ ቆመች፤ ለእሷ ከነገርኳት አንዲት ቃል እንዳልዘል።